ጠፍ የተባለው መሬት

ህንዶቹ ባልና ሚስት ወደ ግቢያችን የመጡት ሰኔ ሲገባ ነው። እናቴ ከዋናው ቤት ጀርባ የምታከራያቸው ሁለት ክፍሎች አሏት። እኔም እዚያው ደብረ ማርቆስ ከእሷ ጋር እኖራለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ ለአገሩ ሰዎች ቤት ይፈልጋል ብሎ ደላላው ሲነግረን፣ እናቴ የጠበቀችው እንደ ሌሎቹ ህንዶች ቦርሳ አንጠልጥሎ የሚመላለስ አስተማሪ ነበር።

ከባጃጁ የወረደው ሰውዬ ግን አስተማሪ አይመስልም። ረጅም ነው፤ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ እጁ ሻክሯል፤ ራሱ ላይ ሰማያዊ ጥምጣም ጠምጥሟል። ሚስቱ ከኋላው ቀስ ብላ ወረደች። ፊቷ ገርጥቶ ነጠላ በመሰለ ስስ ጨርቅ ተሸፋፍናለች። በሩ ላይ ቆመው ሳለ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ሰውየውን አዩና ጎንበስ ብለው "ይፍቱኝ አባቴ" አሉት። እሱም ሁለት መዳፎቹን ገጥሞ ጎንበስ አለ። አሮጊቷ መስቀሉ እስኪወጣላቸው ትንሽ ጠበቁ። መስቀል የሚባል ነገር ሲጠፋ ቀና አሉና ወደ እናቴ ዞረው፣ "የየትኛው ደብር ናቸው?" ብለው ጠየቁ።

እናቴ ምን ብላ እንደመለሰች አላስታውስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሰፈሩ ሰው "ቄሱ ህንድ" ይለው ጀመር።

ከእሱ ጋር የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር። የእሱም የእኔም እንግሊዝኛ የየራሱ ቅላፄ ስላለው፣ መጀመሪያ ሰሞን አንዳችን የሌላችንን እስክንለምድ ደጋግመን እንጠያየቅ ነበር። እንግሊዝኛ አንተንና እርስዎን ስለማይለይ፣ በዕድሜ አባቴን የሚያህለውን ሰው በልቤ እሱ እያልኩ ለመድኩት፤ ዛሬም ሳስበው እሱ ነው። እናቴ ግን አንድም ቀን ከእርስዎ ዝቅ አድርጋ ጠርታው አታውቅም። አማርኛ እንደማይገባው ስነግራት "ለእኔ ይገባኛል" አለችኝ።

ገበሬ ነበር። በአገሩ ስንዴ የሚያርስ፣ የገበሬ ልጅ ገበሬ። መንግሥታችን በምዕራብ በኩል፣ ወደ ሱዳን ድንበር ባለው ቆላ፣ ሰፊ መሬት ለውጭ አልሚዎች እንደሚያከራይ ከአገሩ ሰው ይሰማል። መሬቱ ለም ነው፣ ዝናብ አለ፣ ሰው የለበትም ይባላል። እሱና ሚስቱ ትራክተር ይዘው መጡ። ሰሊጥና አኩሪ አተር ሊያለሙ እዚያው ቆርቆሮ ቤት ሠርተው ተቀመጡ። ከዚያ ሚስትየዋን ወባ ያዛት፤ ድና ሳታገግም ደግማ ያዛት። እያመላለሱ ሲያሳክሟት ቆይተው መጨረሻ ላይ ማርቆስ ሆስፒታል ደረሰች። ሐኪሙ ክረምቱ ሳያልፍ ቆላ እንዳትመለስ ሲላቸው ነው ቤት የፈለጉት። እሷ እዚህ ደጋ ላይ ትከርማለች፤ እሱ እየተመላለሰ ያርሳል።

እናቴ ይህን ስተረጉምላት ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። እሷ ያደገችው ቁይ አካባቢ፣ ወንድማማች ለአንድ ትልም ፍርድ ቤት በሚቆምበት አገር ነው።

"መሬቱን ማን ሰጠዎት?" ብላ አስጠየቀችው።

"መንግሥት አከራየኝ።"

"ባለቤቱስ?"

"ባለቤት የለውም። ባዶ ነው ብለውኛል።"

እናቴ ወደ እኔ ዞራ በአማርኛ፣ "ባለቤት የሌለው ለም መሬት ካለ ወንድሞቼ ለምን ደኸዩ?" አለችኝ። ይህን አልተረጎምኩለትም፤ ለእሱ የተጠየቀ አልመሰለኝም።

ክረምቱን ሚስትየዋና እናቴ ያለ ቋንቋ ተግባቡ። ሥጋ አለመብላታቸውን ስታውቅ እናቴ በጣም ተገረመች። "የትኛውን ጾም ነው?" ብላ ጠየቀች። ጾም አይደለም፣ ዓመቱን ሙሉ ነው ስላት ራሷን ነቀነቀች፤ በአክብሮት ነው። ከዚያ ወዲያ የምስሩ፣ የሽምብራው፣ የሽሮው ነገር ሁለቱን አቆራኛቸው። ሴትየዋ ሽምብራ ገዝታ ትዘፈዝፋለች፤ እናቴ አጠገቧ ቁጭ ብላ ምን ልትጨምርበት እንደሆነ ታያለች። አንዳንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አንዷ በአማርኛ አንዷ በአገሯ ቋንቋ በፑንጃቢ ሙሉ ጨዋታ ይዘው አገኛቸዋለሁ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ሁለቱንም ብጠይቅ የተለያየ ነገር ይነግሩኛል።

በነሐሴ አጎቴ ከቁይ መጡ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዓይናቸውን ለመታየት ሆስፒታል ቀጠሮ ነበራቸው። አጎቴ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ሳይጨርሱ ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። ቃል ሲሰሙ እንደ እህል እያገላበጡ ማየት ይወዳሉ። የዚያን ሰሞን ሰውየውም ከቆላ መጥቶ ስለነበር፣ ዝናቡ ሲጥል ሁለቱ በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኔ መካከል ሆንኩ።

አጎቴ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ በሬ ነው። በአገሩ በበሬ ያርሳሉ ወይ? አያቱ በበሬ ያርሱ ነበር፤ አባቱ ትራክተር ገዙ። ስንት ጊዜ ትገለብጣላችሁ? ስንዴው ላይ ዋግ ይገባል? ዝናቡ መቼ ይወጣል? እሱ ደግሞ ጤፍ በጣም አስገርሞት ነበርና ይህን የምታህል ፍሬ እንዴት ብላችሁ ትዘራላችሁ፣ ነፋስ አይወስዳትም ወይ እያለ መልሶ ይጠይቃል። የተርጓሚነት ሥራዬ እንዲህ የጣመኝ ጊዜ የለም። ሁለቱም የሚጠያየቁት በእውነት ማወቅ ስለፈለጉ ነው።

ከአገሩ ርቆ ሄዶ የሚያርስን ገበሬ እኛ ዘንድ ሞፈር ዘመት ይሉታል። አጎቴም "ሞፈር ዘመት ነው በይው እንጂ ኢንቨስተር ምን ይሉት ነው" አሉኝ። ከዚያ እሳቸውም ሞፈር ዘመት እንደነበሩ ነገሩት። ጎረምሳ ሳሉ በሰፈራ ወደዚያው ቆላ ተወስደዋል። ያኔም የተነገራቸው ያው ነበር፤ አገሩ ሰፊ ነው፣ ሰው የለበትም፣ መሬቱ ጠፍ ነው። ጎጆ እንዲቀልሱ ቦታ ተመርቶላቸው ሣሩን ሲመነጥሩ ሦስት ድንጋይ አገኙ። ሣር ውጧቸዋል እንጂ እንደ ተጎለቱ ናቸው፤ ውስጥ ውስጣቸው ጥላሸት አለ።

"ጉልቻ ነው" አሉ አጎቴ። "ገልብጬ አየሁት፣ አመዱ ከሥሩ አለ። አጠገቡ የወፍጮ መጅ ተሰብሮ ወድቋል። ጓደኞቼን ጠራኋቸውና፣ ሰው የለበትም ያሉን አገር ላይ ይህን ማን ጎለተው አልኳቸው። ማናችንም አላወቅንም።"

ሰፈራው ለአጎቴ አልቀናቸውም። ንዳድ ብዙ ጓደኞቻቸውን ገደለ፤ እሳቸው በእግራቸው እየተደበቁ ወደ ደጋ ተመለሱ። ይህን ሁሉ ስተረጉም ሰውየው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ አጎቴ ፈገግ ብለው፣ "አየሽ፣ ጤፍ ያላዩበትን ሁሉ ጠፍ ይሉታል" አሉኝ። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ለመመለስ ብዙ ታገልኩ። ጤፍ የእህል ስም ነው፣ ጠፍ ደግሞ ሰው የሌለበት ያልታረሰ መሬት ነው፣ ድምፃቸው ይቀራረባል እያልኩ ሳብራራ ጨዋታው ሞተ። ሰውየው ግን በትዕግሥት ሰምቶኝ ሁለቱንም ቃላት ደጋግሞ ለማለት ሞከረ። በእሱ አፍ ሁለቱም አንድ ሆኑ፤ አጎቴ ከልባቸው ሳቁ።

ጥምቀት አልፎ ትምህርት ቤት ለመንፈቅ ዓመት ሲዘጋ፣ ሰውየው አብሬው ቆላ እንድወርድ ጠየቀኝ። እርሻው ባለበት ወረዳ የአካባቢው ነዋሪዎችና አልሚዎች የሚነጋገሩበት ስብሰባ ተጠርቷል፤ እሱ የሚያምነው አስተርጓሚ የለውም። እናቴ ስለ ወባው ስትፈራ አጎቴ በስልክ፣ "ትሂድ። እኔ ያላወቅሁትን እሷ ትወቅ" አሏት። እኔም ለመሄድ ጓጉቼ ነበር። ያን መሬት ማየት ፈልጌያለሁ።

ከማርቆስ ወደ ምዕራብ ስንሄድ መንገዱ ገና ደጋ ሳለ ሁሉ ነገር የማውቀው ነው፤ ባሕር ዛፍ፣ ክምር፣ እስከ መንገዱ ጠርዝ የታረሰ ማሳ። አድረን በማግሥቱ ሹራቤን አወለቅሁ። ከዚያ ሣሩ ከሰው ቁመት የሚበልጥበት፣ ቀርከሃው ግራና ቀኝ የቆመበት አገር መጣ። እርሻው ስንደርስ የመጀመሪያ ሐሳቤ፣ ሳላፍር ልናገር፣ እውነትም ባዶ ነው የሚል ነበር። ዓይኔ ቤት ፈለገ፣ አጥር ፈለገ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ፈለገ። የለም። እሱ የመነጠረው ማሳ ከዚያ ሁሉ ስፋት ትንሽ ጥግ ብቻ ነው። ትራክተሩ ተሰብሮ ቆሟል፤ መለዋወጫው ከውጭ እንዲመጣ ከተጠየቀ ቆይቷል፤ በዚያ ላይ በጸጥታው ምክንያት መንገዱ ብዙ ጊዜ እየተዘጋ ሥራው ተስተጓጉሏል።

ስብሰባው ሾላ ሥር ነበር። ከመንግሥት በኩል አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቷል። ከአገሩ ሰዎች መካከል የተናገሩት አንድ ሸበቶ ሽማግሌ ናቸው። በራሳቸው ቋንቋ ይናገራሉ፤ አማቻቸው ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ እኔ ወደ እንግሊዝኛ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመድረስ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ሁሉም ሰው አጭር አጭር አድርጎ ይናገር ነበር።

ሽማግሌው፣ ትራክተሩ የገባበት ቦታ አባታቸው ያርሱት የነበረ መሆኑን ተናገሩ። ጥቂት ዓመት ይታረሳል፣ ሲደክም ይተዋል፣ እነሱ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፣ መሬቱ ሲያገግም ይመለሳሉ። ሊመለሱበት ተራው ደርሶ ነበር። ወንዙ ዳር ያለው ደን ደግሞ አይታረስም፤ ቀፏቸውን የሚሰቅሉት እዚያ ነው፣ በረሃብ ዘመን የሚቆፍሩት ሥራሥርም እዚያ ነው። ባለሙያው ሳያቋርጥ አዳመጣቸውና፣ መመሪያው የማይለማን መሬት ለሚያለማ መስጠት እንደሆነ፣ ልማቱም ለእነሱው ትምህርት ቤትና ውኃ እንደሚያመጣ አስረዳ። ክፉ ልጅ አልነበረም። የሚናገረውን ያምንበታል።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ሰውየው ዞሩ።

"በአገርህ መሬት አልነበረህም?"

"ነበረኝ። ለሦስት ወንድማማች አልበቃ አለ።"

"ታዲያ አሁን ያንተን ድርሻ ማን ያርሳል?"

"ወንድሞቼ።"

"እና እዚህ ይህን ሁሉ ብቻህን ልታርሰው ነው?"

ጥያቄው በሦስት ቋንቋ አልፎ ሲደርሰው ሰውየው ጥምጣሙን አስተካከለ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ "አዎ በያቸው" አለኝ። አዎ አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀመጡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የገረማቸው ነው የሚመስለው።

ሚያዝያ ላይ፣ ማርቆስ ሆነን ነው የመንግሥት ውሳኔ የመጣው። በውሉ ልክ ያላለሙ ባለሀብቶች መሬታቸው ይነጠቃል። ከእሱም አብዛኛው ይመለሳል፤ ነገር ግን ፈቃደኛ ከሆነ ወንዙ ዳር ያለው ክፍል ብቻ ይቀርለታል፤ እሱንም በዚሁ ክረምት መንጥሮ ማረስ መጀመር አለበት። ሚስትየዋ ስትሰማ እፎይ አለች። ወንዝ ዳር ያለው ጥቁር አፈር ነው፣ ውኃ አለው፤ ትንሽ ቢሆንም ከሰፊው ይሻላል አለች። እሱም ለመልስ ጊዜ ጠይቆ ሲያስብበት ሰነበተ።

በዚህ መሀል አንድ ቀን የሰውየው ስልክ ጮኸ፤ አንሥቶ ለእኔ ሰጠኝ። የሽማግሌው አማች ነው። አማቱ ሆዳቸውን ታመው፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሌላ፣ ከዚያም ወደ ማርቆስ ሆስፒታል ተልከው ደርሰዋል፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋቸዋል፤ እሱ ደግሞ በዚህ ከተማ የሚያውቀው ሰው የለም። አሰበ አሰበና የትራክተሩ ባለቤት የሚኖረው እዚህ መሆኑን አስታወሰ። ስልክ ቁጥሩን ያገኘው ከእርሻው ዘበኛ ነው። ባጃጅ ውስጥ ሆነን ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ደጋ ላይ፣ በእኛ ከተማ፣ ለእነዚያ ሁለት የአገሬ ሰዎች የቅርብ ሰው ሆኖ የተገኘው ህንዱ ነው።

ሽማግሌው ተኝተው ጣሪያውን ያዩ ነበር። ሰውየውን ሲያዩ አወቁት፤ በጥምጣሙ ሳይሆን አይቀርም። እጃቸውን ዘረጉለት፤ ያዘው። ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ሐኪሙ ወደ ረጅሙ መንገድ ከመመለሳቸው በፊት ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥ እንዲያገግሙ ሲያዝ፣ እናቴ ሌላኛውን ክፍል አስጠረገች። አጥሚት አፍልታ በየቀኑ ታቀርብላቸው ነበር። ብርዱ ግን በጣም ከበዳቸው። ፀሐይ ስትወጣ በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንበው ይቀመጡና በአማቻቸው በኩል ይህ አገር ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ዛፉ ሁሉ ለምን አንድ ዓይነት ሆነ? ከብቱ የት ይሰማራል? ይህን ሁሉ ሰው ምን ያበላዋል? እኔ ሳላያቸው የኖርኳቸው ነገሮች ናቸው። ያልታረሰ ቦታ ፈልጎ ያጣ ዓይን ነበራቸው፤ የእኔ ዓይን እዚያ ቤትና አጥር ፈልጎ እንዳጣው።

አጎቴ ለዓይናቸው ክትትል ሲመጡ ሽማግሌውን በረንዳ ላይ አገኟቸው። ሰላምታው እንዳለቀ፣ ዓመታት ሲያብሰለስሉት የኖሩትን ጠየቁ። የሰፈሩበትን ቦታ በምልክት ነገሯቸው፤ ኮረብታውን፣ የወንዙን መታጠፊያ። ሽማግሌው ቦታውን አወቁት።

"እዚያ ሣር ውስጥ ጉልቻ አገኘሁ" አሉ አጎቴ። "ሰዎቹ የት ሄደው ነው? አልቀው ነው?"

አማቻቸው ሲመልስላቸው ሽማግሌው ትንሽ ሳቅ አሉ፤ ስፌቱ አመማቸው መሰለኝ ሆዳቸውን ያዙ።

"አላለቁም። መሬቱን አሳርፈው ሄደው ነው። ጉልቻ ማን ተሸክሞ ይሄዳል? ስንመለስ እናገኘዋለን ብለን እንተወዋለን።"

አጎቴ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። ከዚያ "አንሥቼ ጥዬዋለሁ" አሉ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተከናነቡ።

ሰውየው ደረጃው ላይ ተቀምጦ እኔ ወደ እንግሊዝኛ የምመልሰውን ይሰማ ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ሽማግሌው ሊያርፉ ከገቡ በኋላ፣ ስለ አያቱ ነገረኝ። አገራቸው ለሁለት ሲከፈል አያቱ ድንበሩ በማዶ ያስቀረውን እርሻቸውን ጥለው ተሰደዱ። በዚህኛው ወገን መንግሥት ሌላ እርሻ ሰጣቸው፤ ወደዚያኛው ወገን የሸሸ ሰው ጥሎት የሄደውን። ግቢው ውስጥ ያ ሰው የተከለው ማንጎ ነበር። አያቱ መሬቱን አረሱ፣ በቤቱ ኖሩ፤ ማንጎውን ግን እስኪሞቱ አልቀመሱም። ልጆቹ ሲበሉ አይከለክሉም፤ እሳቸው ብቻ አይበሉም።

"አንተስ በላህ?" አልኩት።

"በጣም ብዙ" አለኝ። "ጣፋጭ ነበር።"

ከደረጃው ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

ሽማግሌውና አማቻቸው ከሄዱ በኋላ ባልና ሚስቱ ለጥቂት ቀናት አልተነጋገሩም። በኋላ ሚስትየዋ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ነገረችኝ። ወንዝ ዳሩን አልወስድም ብሏታል። እሷ ተቆጥታለች፤ ይህን ሁሉ ዓመት፣ ይህን ሁሉ በሽታ ለምን ቻልነው ብላዋለች። "አያቱን በሄደበት ሁሉ ይዟቸው ይዞራል" አለችኝ። የምትስቅ መስላ ጀምራ ዓይኗ እንባ ሞላ።

መሬቱን የሚያከራየው የመንግሥት ቢሮ ስንሄድ ያገኘነው ያው ሾላ ሥር የነበረው ወጣት ባለሙያ ነው። በአክብሮት ተቀበለን። ሰውየው መሬቱን ሙሉ በሙሉ እንደሚመልስ ስተረጉምለት ደነገጠ፤ ምርጡን ክፍል ነው ያስቀረንልህ አለ። ለምን ብሎ ጠየቀ።

"ሰዎች አሉበት" አልኩ፣ ሰውየው እንዳለው።

ባለሙያው ካርታውን ወደ እኛ አዞረ። "እዚህ ላይ አንድም ቤት የለም። ተመልከቱት።"

ሰውየው ካርታውን በጥሞና አየው። "ልክ ነህ" አለ። "ቤት የለም። ሰዎች አሉበት።"

ባለሙያው ብዕሩን አስቀምጦ ሁለታችንንም አየን። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ በአማርኛ፣ "እሱ ቢተወው ለሌላ ይሰጣል እኮ። ይህን ንገሪው" አለኝ። ነገርኩት። ሰውየው እንደሚያውቅ ተናገረ። ከዚያ ተጨባብጠን ወጣን። ደረጃውን ስንወርድ ፊቱን እያየሁ ነበር። የቀለለው ሰው ፊት አልነበረም። አንድ ገበሬ ዓመታት የለፋበትን ማሳ ትቶ ሲሄድ የሚኖረው ፊት ነው፤ ትክክለኛውን ነገር ማድረጉ ያን አያቀለውም።

ባልና ሚስቱ ክረምቱ ሳይገባ ወደ አገራቸው ሄዱ። እናቴና ሴትየዋ መናኸሪያው ላይ ሲለያዩ ያው በየራሳቸው ቋንቋ ነው የተሰናበቱት፤ በዚያን ጊዜ ማንም አስተርጓሚ አልፈለገም። ሰውየው አሁን በወንድሞቹ ማሳ አጠገብ የሌላ ሰው መሬት ተከራይቶ ስንዴ ያርሳል። ሚስትየዋ አልፎ አልፎ ትደውላለች። ቆላ ያለው አማችም አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር። ሽማግሌው ደህና ናቸው፤ መሬቱን እስካሁን የወሰደው የለም፣ ነገር ግን ሊያዩት የመጡ መኪናዎች ነበሩ አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔ ስደውል መስመሩ አይገባልኝም።

በቀጣዩ ዓመት፣ ለፋሲካ አጎቴ ዘንድ ቁይ ሄድኩ። ገበያ ውለን ስንመለስ ግራና ቀኙን አየሁ። ገደል አፋፉ ታርሷል፣ የመንገዱ ዳር ታርሷል፣ የወንዙ ከንፈር ታርሷል፤ ያልታረሰው በዛፍ የተሸፈነው የቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ብቻ ነው። ድንገት አንድ ጥያቄ መጣብኝ።

"አጎቴ፣ የእኛ ሰዎች እዚህ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ማን ነበር?"

አጎቴ ቆሙ። ስለ ዘር ቆጠራ ብጠይቃቸው ኖሮ እስከ ሰባት ቤት ያወርዱልኝ ነበር። ይህን ግን አያውቁትም። "አልነገሩንም" አሉ። "እኛም አልጠየቅን።"

ከፊታችን አህያ የሚነዱ፣ ከአጎቴም በዕድሜ የሚገፉ አንድ አባት ይሄዱ ነበር። አጎቴ እርምጃቸውን ፈጠን አድርገው ደረሱባቸው፤ ሰላምታ ሰጥተው፣ ይህች የእህቴ ልጅ አንድ ነገር ትጠይቃለች አሏቸው። ጥያቄውንም እሳቸው ራሳቸው ጠየቁላቸው። አዛውንቱ አህያቸውን አቁመው አዩን፤ መጀመሪያ የምንቀልድ መስሏቸው ነበር። ከዚያ በበትራቸው ወደ ማዶው ኮረብታ እያመለከቱ፣ እዚያ ጋ እናታቸው በስም ብቻ የሚያውቁት ምንጭ እንደነበረ፣ ስሙም አማርኛ እንዳልነበረ መናገር ጀመሩ። እኔና አጎቴ ግራና ቀኝ ሆነን አብረናቸው ሄድን።